የቆመች መኪና ጠባቂ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ዓይንሽስ እንዴት ሆነልሽ? ፋሻው ተፈታ ወይስ አሁንም እንደታሰረ ነው? የወንድሜ ሚስት ጠብታውን በሰዓቱ ታደርግልሻለች? መቼም አንቺ መድኃኒት ሲመጣ ዓይንሽን ጭፍን አድርገሽ ሰው ማስቸገር ትወጃለሽ፤ እባክሽ እሷን አታድክሚያት። እኔ ደህና ነኝ። አማቴም እየተሻላቸው ነው፤ እጃቸው እንዴት እንደተሰበረ ወደ ታች አጫውትሻለሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ በባለቤቴ ስም ስለሆነ ነው። ለማን እንደደወልኩና ምን ያህል እንዳወራሁ እዚያው ባለበት ሆኖ ያየዋል። ዓይንሽ ከፈቀደልሽ ራስሽ አንብቢው። ካልሆነ የወንድሜ ሚስት ታንብብልሽ። ወንድሜ ግን አያንብበው። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከባለቤቴ ጋር ወዳጆች ናቸው፣ ሲያወሩ ሳያስበው ያመልጠዋል።

ዓይንሽን ስትታከሚ ያልመጣሁት አማቴ ታመው ነው ብዬሽ ነበር። ውሸት ነው። ያን ጊዜ አማቴ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነበሩ። የቀረሁት የመኪና ባትሪ ስጠብቅ ነው። እንዳትስቂ። መሳቅ ካማረሽም ሳቂ፤ እኔም መጀመሪያ ሰሞን ስቄበታለሁ።

የባለቤቴ አባት ትተዋት የሞቱትን ነጭ መኪና ታስታውሻለሽ መቼም። ለሠርጋችን ስትመጡ ከመናኸሪያ ያመጣቻችሁ ናት። ባለቤቴ ባሕር ማዶ ወደብ ላይ የውል ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ሲል አንድ ከሰዓት ጋራዥ ውስጥ ጠራኝ። የመኪናዋን ኮፈን ከፈተና የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ጥቁር ሳጥን አሳየኝ። ቻርጀር ናት፤ ቀስ እያለች፣ ጠብ ጠብ እያደረገች የመኪና ባትሪ የምትሞላ። ቀዩን መቆንጠጫ በአንዱ የባትሪ ራስ ላይ፣ ጥቁሩን በሌላው ላይ አስነከሰ፤ ገመዷን በወጥ ቤቱ መስኮት አሾልኮ ሶኬቱ ላይ ሰካት። ቢጫ መብራት በራ። ሲሞላ አረንጓዴ ይሆናል አለኝ። መኪና ዝም ብላ ብትቆምም ሰዓቷና የሌባ ማስጠንቀቂያዋ ከባትሪው እየጠጡ ያደርቁታል፤ ይህቺ ሳጥን የጠጡትን ትመልሳለች። የአባቴ መኪና ቆማ እንዳትሞትብኝ አለኝ። እኔም አንጀቴን በላው፤ አባቱን እንዴት ይወድ እንደነበር አንቺም ታውቂያለሽ።

ቀጥሎ አደራውን ዘረዘረው። ሰው በሌለበት ተሰክታ ከዋለች ባትሪው ይፈላል፣ አሲዱ ይገነፍላል፣ ቤቱ ከነእናቴ ይጋያል አለኝ። መብራት ጠፍቶ ከመጣ ነቅለሽ መልሰሽ ካልሰካሻት ትበላሻለች። ስለዚህ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ መብራቱን አይተሽ ፎቶውን ላኪልኝ አለ። የመኪናዋን ቁልፍ ለእናቱ ሰጣቸው። ለመድኃኒት አከፋፋዩ ስሠራ የዕቃ መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው መሆኔን እያወቀ፣ አንቺ አትንኪያት፣ ከተንቀሳቀሰች ሙሌቱ ይዛባል አለኝ። አመንኩት። ስለ ባትሪ እኔ ምን አውቃለሁ? ቁልፍ አዞራለሁ፣ ትነሳለች፤ ካልተነሳች መካኒክ እጠራለሁ። የማውቀው ይህን ያህል ነው።

ሥራዬንም የለቀቅኩት ለዚሁ ነው። ቀትር በደረሰ ቁጥር ቤቴ ሮጬ መብራቱን ልይ ካልኩ ማን ያሠራኛል? እስክመለስ ብቻ ነው አለኝ። አለቃዬ ደግሞ ደህና ሰው ነበር፤ ስሰናበት አርግዘሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ። የባትሪ ሞግዚት ሆኜ ነው ማለት አፈርኩና ዝም አልኩ። እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ሸኘኝ።

እንደሄደ ሰሞን ነገሩ ቀላል ነበር። ፎቶ አነሳለሁ፣ እልካለሁ፣ ጎበዝ ይለኛል። አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራ የነበረች ልጅ ወልዳ ልጠይቃት ሄድኩ። ሕፃኑን ታቅፌ፣ ወሬውም ጥሞኝ፣ የቀትሩን ረሳሁት። ስመለስ አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ፊት ለፊታችን ያለችው ልብስ ሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አጠገባቸው ቆማለች። ባለሱቁም ከሱቁ ወጥቶ መንገድ መንገዱን ያያል። ለሁሉም ደውሎላቸዋል። ሚስቴ ጠፋችብኝ ብሏቸዋል። የሁሉንም ስልክ ቁጥር መቼ እንደያዘ እንኳ አላውቅም።

መልሼ ስደውልለት ተጨንቄ ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እማዬ፣ ይህ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ምነው በጮኸብኝ ያልኩበት ጊዜ አለ። የሚጮህ ባል ለጎረቤትም ይነገራል፣ ለእናትም ይነገራል። ስለሚያዝን ባል ምን ተብሎ ይነገራል? ከዚያ በኋላ ሲደውል እየተነፈሰ ዝም ይላል፣ እኔ ብቻዬን አወራለሁ። እንዲያ እያለ መውጣቱን ራሴ ተውኩት። ማንም በር አልቆለፈብኝም። እግሬ ከበሩ እስከ ሱቁ ያለውን መንገድ ብቻ አስታወሰ፤ እሱንም ቢሆን የምመለሰው ሮጬ ነው።

ወጥ ስሠራ ፊቴ በመስኮቱ ወደ ጋራዡ ነው። ገላዬን ስታጠብ መብራት የጠፋ ይመስለኝና ሳሙናዬን ሳላስለቅቅ እወጣለሁ። እንግዳ ሊመጣ ሲል ደስ አይለኝም፤ ሰው ቁጭ ብሎ ቀትር ከደረሰ ተነስቼ ጋራዥ የምገባበትን ምክንያት መናገር ሊኖርብኝ ነው። አንድ ቀን አማቴ እንደ ቀልድ፣ ልጄ ሚስት ያገባ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ዘበኛ ነው የቀጠረው አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ግን መሐል ላይ አለቀብን።

እሳቸውን ክፉ እንዳታስቢያቸው። ቁልፉን በመርፌ ቁልፍ ከቀሚሳቸው ውስጥ ሰክተው ይይዙታል፤ ልጃቸው ሲደውል የት ዋለች ብሎ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸውም ያዩትን ይናገራሉ። እንዲጠብቁኝ የተቀመጡ ናቸው። እኔ ደግሞ እሳቸውንም ባትሪውንም እንድጠብቅ። እንዲህ ሆነን ነው ሁለት ሴቶች ባንድ ቤት የኖርነው።

የአንቺ የሕክምና ቀን ሲቆረጥ ጠየቅኩት። ደርሼ ልምጣ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ እሄዳለሁ አልኩት። ባትሪው ይሞታል አለኝ። እንግዲያው ልብስ ሰፊዋ እየገባች መብራቱን ትይልኝ አልኩት። በኤሌክትሪክ ባዕድ አይታመንም አለኝ። ከዚያ፣ እናትሽ ወንድምሽ አለላቸው፤ የእኔ እናት ካንቺ ሌላ ማን አላቸው አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ላንቺ ደወልኩና ያን ውሸት ዋሸሁሽ። ግድ የለም ልጄ፣ አስታሚያቸው ብለሽ ስትመርቂኝ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ፤ ቀትር ላይ ግን ተነስቼ ፎቶዬን አንስቻለሁ።

አሁን ወደ አማቴ እጅ ልምጣ። አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት አዳለጣቸውና በእጃቸው ላይ ወደቁ። ጩኸታቸውን ሰምታ ልብስ ሰፊዋ ሮጣ መጣች፤ ተጋግዘን ታክሲ ውስጥ አስገባናቸው። ስልኬ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ሐኪሙ አጥንቱን አስተካክሎ በጄሶ አሰረላቸው፤ ግፊታቸው ስለወረደ ግን ተኝተው ይቆዩ አለ። እኔም አልጋቸው አጠገብ ወንበር ላይ ሰነበትኩ።

ለባለቤቴ በልብስ ሰፊዋ ስልክ ደወልኩለት። አልዋሽበትም፣ ስለ እናቱ ደንግጦ ነው የጠየቀኝ። ቀጥሎ ግን ቻርጀሩን ነቅለሽ ነው የወጣሽው አለኝ። አልነቀልኩም አልኩት። እንግዲያው ለእናቴ አስታማሚ ፈልጊና አንቺ ወደ ቤት ግቢ አለኝ። አልሄድም አልኩት። እንዲህ ብዬው አላውቅም። ስልኩ የሰው ስለሆነ ይሁን ደክሞኝ ይሁን እንጃ፣ ቃሉ አምልጦኝ ወጣ። ዝም አለ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታውን ሳልሞላለት ስልኩን ዘግቼ ለልብስ ሰፊዋ መለስኩላት።

ደፈርኩ ብዬሽ እንዳይመስልሽ ታዲያ። ሆስፒታሉ ውስጥ አምቡላንስ በጮኸ ቁጥር የእሳት አደጋ መኪና እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ። ልብስ ሰፊዋ ልትጠይቀን ስትመጣ ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ እንደነበር፣ መጥቶም እንደገና እንደጠፋ ነገረችኝ። ጋራዡ ተቆልፎ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። አልጠየቅኳትም እንጂ ጭስ አይታ ከሆነ ብዬ ፊቷን ፊቷን አይ ነበር።

አማቴ ሲለቀቁ ቤት አስገባኋቸውና ወንበር ላይ እንዳስቀመጥኳቸው፣ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። አረንጓዴ ይበራል። የፈላ የለ፣ የገነፈለ የለ። የልብስ ሰፊዋ ድመት በየት እንደገባች እንጃ፣ ቻርጀሯን ተደግፋ ተኝታለች። ቆሜ ቆሜ ገመዱን ነቀልኩት፤ መብራቱ ጠፋ። መልሼ ሰካሁት፤ ቢጫ በራ። ከዚያ ሆን ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት፣ በሩን ዘጋሁና የአማቴን አንሶላ ልቀይር ሄድኩ። ስመለስ አረንጓዴ ሆናለች። ሳላያት ሞልታ፣ ሳላያት አቁማለች። መብራት ሲጠፋ ትጠፋለች፣ ሲመጣ ትነሳለች። ያን ሁሉ ጊዜ ከእኔ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

እማዬ፣ ስደውልለት ደስ ብሎኝ ነበር። እሱም ሳያውቅ ቀርቶ አብረን የተሸወድን መስሎኝ ነበር። ሙሽራዬ ስማ እስቲ፣ ይህቺ ዕቃ ራሷ ታቆማለች፣ ራሷ ትጀምራለች፣ ጠባቂ አያሻትም አልኩት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በስፒከር ነበር፤ ሁለቱም እጆቼ የአማቴን ሻሽ እያሰሩ ነበሩና። አውቃለሁ አለኝ። እንዲሁ፣ በለስላሳው ድምፁ። አውቃለሁ፤ ቤት ውስጥ የምትይዢው ነገር ካለ ልቤ ያርፋል ብዬ ነው፣ ሥራ የያዘ ሰው አይባዝንም አለኝ። ከዚያ ስለ እናቱ መድኃኒት ጠየቀኝ፣ ስለ አየሩም አወራን። ሊዘጋ ሲል፣ ለማንኛውም ማታ ፎቶውን እንዳትረሺ አለኝ።

አልረሳሁም። ማታ ላክሁለት። ምን ላድርግ?

አማቴ ያን ቀን ምሳቸውን በግራ እጃቸው እየተቸገሩ በሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን ጠሩኝና ቀሚሳቸው ውስጥ ያለውን መርፌ ቁልፍ እንድፈታላቸው ጠየቁኝ፤ ባንድ እጅ አልሆን ብሏቸው ነው። ስፈታው የመኪናዋ ቁልፍ እጄ ላይ ወደቀ። ያዢው አሉኝ። የልጄ አባት ስልኩን ይቆልፍብኝ ነበር፣ ጣት እየገባ የሚዞረውን የድሮውን ስልክ፤ ትንሽ ቁልፍ ነበረችው፣ ኪሱ ይዟት ይሄዳል፤ እናቴ ስትሞት የሰማሁት ከሦስተኛ ሰው ነው አሉኝ። ልጄ ያኔ ወለሉ ላይ ይጫወት ነበር፣ የሚያይ አልመሰለኝም አሉ። ይህን ሲሉ አላለቀሱም። ቀጥለው፣ መኪናዋ የባሌ ነበረች፣ አሁን የእኔ ናት፣ ልጄን ጠብቃት አልኩት እንጂ አልሰጠሁትም፤ በይ አውጪያትና ትንሽ ነፋስ እናግኝ አሉኝ።

ጎማዎቹ ቆመው ስለከረሙ ተኝተው ነበር፤ ከማዕዘኑ ያለው ጎሚስታ መጥቶ ነፋልን። የቀትሩን ፎቶ ላክሁና መቆንጠጫዎቹን ፈታሁ፣ ኮፈኑን ዘጋሁ፣ አማቴን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ከባሌ ጋር ስወጣ የምቀመጠው ከኋላ ነበር፣ እዚህ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው አሉኝ። ቁልፉን አዞርኩ። ቅር እንኳ ሳይላት ተነሳች። ባትሪዋ በእርግጥም ሙሉ ነበር፤ ይህን ልክድበት አልችልም። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቅቄው በሩ ላይ ጠፋችብኝና ቸኩዬ ቁልፉን እንደገና አዞርኩ። ሰው ሁሉ የሚያየን መሰለኝ። አማቴ ጄሶአቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ቀስ በይ ልጄ፣ የሚያባርረን የለም አሉኝ። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችን፤ ወዲያው ጎንበስ አለችና መስፋቷን ቀጠለች።

ቤቶቹ እስኪያልቁ ድረስ ነዳሁ። ከውኃ ታንከሩ አልፎ ሜዳው የሚጀምርበት ጋ አቆምን። መስኮቱን አወረድኩላቸው። እሳቸው ሜዳውን ያያሉ፣ እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ተመልሰን መቆንጠጫዎቹን መልሼ ባስነክስም ማታ ፎቶው ቢጫ ሆነ። ወዲያው ደወለ። ለምን ቢጫ ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። አማቴ በደህናው እጃቸው ስልኩን ተቀበሉኝና፣ መብራት ጠፍቶ ነው የዋለው፣ አንተ ደግሞ እራትህን በላህ ወይ አሉት። ለልጃቸው ሲዋሹ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ሲመቸን እንወጣለን። ነፃ ወጣሁ እንዳልልሽ ግን አልቻልኩም። ከጠዋቱ ፎቶ በኋላ ወጥተን ለቀትሩ እንመለሳለን፤ አንዳንዴ ገና ሜዳው ሳይታየን መዞር ይኖርብናል። ገመዱ ረዘመ እንጂ አልተፈታም። እሱም የመብራቱ መጥፋት በዝቶበታል። ባለፈው ሲደውል በጣም ደስ ብሎት ነበር። እንዳትደክሚ ብዬ መላ አገኘሁልሽ፣ ካሜራ ላስገጥም ነው፣ አንዱን ጋራዥ፣ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን በሩ ላይ፤ ከእንግዲህ ፎቶ ማንሳት አይኖርብሽም አለኝ። አመሰገንኩት። የሚገጥመው ሰው ሰኞ ይመጣል።

አማቴ ሰሞኑን ስለ አንቺ መጠየቅ አብዝተዋል። ጠዋት ስትነሺ ወሬ ትወጂ እንደሆነ ወይስ ሻይሽን እስክትጠጪ ዝምታ ትመርጪ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ሰው እያወራ ይበላል ወይ በእነሱ ቤት ይላሉ። ትላንት ደግሞ ልብስ ሰፊዋ መጥታ የቀሚሳቸውን የቀኝ እጅጌ ለጄሶው እንዲመች ፈታ አድርጋ ሰፋችላቸው፤ ለቤት የሚለበሰውን አይደለም፣ ለመውጫ የሚሆነውን። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ በማየቴ እስካሁን ታፍረኛለች መሰለኝ፤ ገንዘብም አልተቀበለችንም። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ እህቷ ናት፤ በእናንተ በኩል የምታልፍበት ጉዳይ አላት። ውኃ እንኳ ሳትጠጣ እንዳትለቂያት።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከግቢሽ በር ፊት ተቆለለ ያልሽኝን አሸዋ ወንድሜ እስከ እሑድ ዞር ያድርገው። ለምን ካለ መተላለፊያ ጠበበኝ በይው። ከታች ያለውን ክፍልም አናፍሽው፤ ደረጃ መውጣት ለሁሉም ሰው አይሆንም።

ካሜራ የሚገጥመው ሰው እንዳይጉላላ የቤቱንና የጋራዡን ቁልፍ ልብስ ሰፊዋ ትሰጠዋለች፤ የሚገጥምበትንም እሷው ታሳየዋለች። አይቸገርም። ጋራዡ ባዶ ስለሚሆን መሰላሉን የሚያቆምበት ቦታ አያጣም።

እንግዲህ እማዬ፣ ፈጣሪ ዓይንሽን ያብራልሽ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የምታይውም ደስ የሚልሽን ፊት ያድርግልሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ያስፋልሽ። እኔንም በጸሎትሽ አስቢኝ፤ በተለይ መንገድ ላይ ያለን ሰው።

የምትናፍቅሽ
ልጅሽ